እህትሽ የጡት ካንሰር ከያዛት ለአንቺ ምን ማለት ነው?

ዓርብ ከሰዓት ነበር። የእረፍት ቀኔ ስለሆነ ከጅዳ ወደ መካ መጥቼ፣ ነካሳ ውስጥ እህቶች በጋራ በተከራዩአት ክፍል ቡና እየጠጣን ነው። ስልኬ ጮኸ። በኢሞ የደወለው ወሎ ያለው ወንድሜ ነው። «እህታችን ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር ነው ተባለ» አለኝ። ታላቅ እህቴ ያኔ 38 ዓመቷ ነበር፤ የሦስት ልጆች እናት ናት።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት እህቶች ከበው አጽናኑኝ። ከዚያ ምክሩ መጣ። አንዷ «አንቺም ቶሎ ደም ስጪ፤ ደም ከሰጠሽ ሁሉንም ያሳያል» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «ኧረ እንዳትናገሪ! ማዳምሽ ከሰማች በሽተኛ ናት ብላ ኸሩጅ ትመታብሻለች» አለች። ሁለቱም ያሉት ለእኔ አስበው ነው። ግን የመጀመሪያው ምክር ብሬን በከንቱ ሊያስጨርሰኝ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ለሐኪም መንገር የነበረብኝን ነገር አስደበቀኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንደ አንቺ የቤት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ የጻፍኩት ከሐኪሞችና ከነርሶች ጠይቄ፣ አንብቤም የተማርኩትን ነው። ያን ዓርብ ባውቀው ኖሮ ብዙ ጭንቀት ይቀርልኝ ነበር።

1. «በዘር ይመጣል» ሲባል ምን ማለት ነው?

መጀመሪያ የሚያረጋጋውን ልንገርሽ። የጡት ካንሰር ከያዛቸው 100 ሴቶች ውስጥ በዘር በወረሱት ችግር የታመሙት ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። አብዛኞቹን የያዛቸው በዘር የመጣ አይደለም። ስለዚህ እህትሽ ታመመች ማለት አንቺም ትታመሚያለሽ ማለት አይደለም።

በዘር የሚመጣው እንዴት ነው? እያንዳንዳችን ከእናትም ከአባትም የምንወርሰው ዘረ-መል አለን። ዘረ-መል ሰውነታችን እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበት መመሪያ ነው በይው። ከእነዚህ ውስጥ ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉ ሁለት አሉ። ሥራቸው በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ የሚደርሰውን ጉዳት መጠገን ነው። አንዱ ተበላሽቶ ከተወረሰ ጥገናው ይዳከማል፤ ካንሰር የመነሳት ዕድሉም ይጨምራል። የጡት ካንሰር በቤተሰብ እንደሚወረስ፣ የሚወረስበትም ቦታ የት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳየችው ሜሪ ክሌር ኪንግ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት። ብራካ 1 በ1994፣ ብራካ 2 በ1995 ተለይተው ታወቁ።

ቁጥሩን እንየው። በአሜሪካ ከ100 ሴቶች ውስጥ 13 ያህሉ በዕድሜያቸው ዘመን የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። የተበላሸ ብራካ 1 ወይም 2 ካላቸው 100 ሴቶች ውስጥ ግን እስከ 80 ዓመታቸው 70 ያህሉን ይይዛቸዋል። የሴት እንቁላል የሚመረትበት ኦቫሪ የሚባለው ክፍል ካንሰርም በብራካ 1 ከ100 ወደ 44፣ በብራካ 2 ወደ 17 ይደርሳል። እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው የተጠኑት በአውሮፓ ዘር ሴቶች ላይ መሆኑን አትርሺ።

አሁን ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። «የጡት በሽታ የሚወረሰው ከእናት ነው» እንላለን። ስህተት ነው። የተበላሸው ዘረ-መል ከአባትም እኩል ይመጣል። ተሸካሚ የሆነ ወላጅ፣ እናትም ይሁን አባት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። ወንዱ ራሱ ሳይታመም ለሴት ልጁ ሊያወርስ ይችላል። አንዳንዴ ወንዱም ይታመማል፤ በጡት፣ በፕሮስቴት ወይም በቆሽት ካንሰር።

2. ለኢቃማ የሰጠሽው ደም ይህን አያሳይም

ብዙ እህቶች «እኔ ስመጣ ተመርምሬያለሁ፤ ቢኖርብኝ ይነግሩኝ ነበር» ይላሉ። ምርመራ ሁሉ አንድ አይደለም። ሦስቱን ለዪ።

የመጀመሪያው ለሥራና ለኢቃማ የሚደረገው ነው። የሚፈልገው እንደ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስና የሳንባ ነቀርሳ ያሉ ተላላፊ በሽታዎችን፣ እርግዝናንም ነው። በቤተሰብ የሚወረስ በሽታ አይታይበትም።

ሁለተኛው የሳዑዲ ዜጎች ከጋብቻ በፊት የሚመረመሩት ነው። ማዳምሽ ለልጇ ሠርግ ስትዘጋጅ «ፈሕስ ቀብል ዘዋጅ» ስትል ሰምተሽ ይሆናል። እዚህ አገር ሲክል ሴልና ታላሲሚያ የሚባሉ በዘር የሚወረሱ የደም በሽታዎች ስለሚበዙ፣ ከ2004 ጀምሮ ተጋቢዎች እንዲመረመሩ ግዴታ ሆነ። በ2008 ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ተጨመሩ። ሁለቱም ተጋቢዎች የደም በሽታው ተሸካሚ ሆነው ቢገኙ ምክር ይሰጣቸዋል እንጂ አትጋቡ ተብለው አይከለከሉም። ይህም ቢሆን ስለ ጡት ካንሰር የሚናገረው የለም።

ሦስተኛው እኛ የምናወራለት፣ ቤተሰብ ውስጥ ካንሰር ሲገኝ የሚደረገው የዘረ-መል ምርመራ ነው። ይህን ማንም በግድ አያደርግብሽም። የሚደረገው በራስሽ ፈቃድ፣ ከምክር በኋላ ነው።

3. የመጀመሪያው ምርመራ በስልክ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው

ሐኪም አንዲትን ሴት ለዘረ-መል ምርመራ ከመላኩ በፊት የሚያየው የቤተሰቧን የጤና ታሪክ ነው። ይህ ምንም ብር አይፈልግም። እኛ ስደተኞች ግን ከቤተሰብ ርቀን ስለምንኖር የቤታችንን ታሪክ አናውቀውም። ልቅሶውንም የምንሰማው ዘግይቶ ነው፤ በምን እንደሞቱም አይነገረንም።

እኔ እናቴን ጠየቅኳት። «በእኛ ወገን እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። የአባቴን ወገን መጠየቅ ትዝ ያለኝ ከወራት በኋላ ነው። አባቴ ስልኩን ይዞ ዝም አለ። ከዚያ «እህቴ ጡቷ ቆስሎ ነው የሞተችው። ያኔ ዓይን በላት ተባለ» አለኝ። ዕድሜዋስ? «አርባም አልሞላት።» የአባቴ እናትስ? «ሆዷ እየተነፋ ውሃ ይቀዱላት ነበር።»

እኔ አክስቴን በስም ብቻ ነው የማውቃት። የዚያን ቀን ግን ስለ እህቴም ስለ ራሴም የነገረችኝ እሷ ሆነች።

ስትጠይቂ የበሽታውን ስም አትጠይቂ። ያኔ ስም አልነበረውም፤ መጋኛ፣ ዓይን፣ ነቀርሳ፣ የማይድን ቁስል ነበር የሚባለው። ያዩትን ጠይቂ፦

- ጡቷ ላይ እብጠት ወይም ቁስል ነበር? በአንዱ ነው በሁለቱም?
- ሆዷ አብጦ ነበር? ውሃ ይቀዱላት ነበር?
- ስትታመም ስንት ዓመቷ ነበር? ዕድሜ ካልታወቀ፦ ትንሹ ልጇ ያኔ ምን ያክል ነበር?
- የእናቴ ወገን ናት ወይስ የአባቴ?
- ከወንዶቹስ በጡት፣ በፕሮስቴት ወይም በቆሽት ካንሰር የታመመ አለ?

መልሱን በወረቀት ጻፊው። ወላጆች፣ እህትና ወንድም፣ አክስትና አጎት፣ አያቶች፣ በሁለቱም ወገን። ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው።

ሐኪም ትኩረት የሚሰጣቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

- ከ50 ዓመት በፊት የጡት ካንሰር የያዛት ዘመድ
- በሁለቱም ጡቶች የታመመች
- በየትኛውም ዕድሜ የኦቫሪ ካንሰር የያዛት
- የጡት ካንሰር የያዘው ወንድ
- በአንድ ወገን ሁለትና ከዚያ በላይ የጡት፣ የኦቫሪ፣ የቆሽት ወይም የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች
- የታማሚዋ የፓቶሎጂ ወረቀት ላይ ኢስትሮጅን፣ ፕሮጀስትሮንና ኸር 2 የሚባሉት ሦስቱም «ኔጌቲቭ» ከሆኑ

አንድ ነገር ልጨምር። አገራችን ወጣት የሚበዛባት ስለሆነች በወጣትነቷ የጡት ካንሰር የሚይዛት ሴት ብዙ ናት። ወጣትነት ብቻውን በዘር መጣ ለማለት አይበቃም። የእኔን ቤት ነገር ያከበደው እህቴ፣ አክስቴና አያቴ በአንድ ወገን መደርደራቸው ነው።

4. ማን ይቅደም? የታመመችዋ

«አንቺም ቶሎ ደም ስጪ» ያለችኝ እህት የሳተችው ይህን ነው። የዘረ-መል ምርመራ ቢቻል የሚጀምረው ከታመመችው ሰው ነው።

ለምን? ዘረ-መል እንደ ወፍራም መጽሐፍ ነው። አንድ የተሳሳተ ፊደል እየፈለግን ነው እንበል። ስህተቱ አለ ብለን የምንጠረጥረው በታመመችው መጽሐፍ ውስጥ ነው። እሷ ጋ ከተገኘ ገጹ ታወቀ ማለት ነው፤ እህትና ወንድሞቿ፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆቿም ያንን ገጽ ብቻ ያስመረምራሉ። እሱ ፈጣን ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል። የእሷ ሳይታወቅ እኔ ብመረመርና «ምንም የለም» ብባል ግን፣ እኔ ስላልወረስኩት ነው ወይስ የቤታችን ችግር ሌላ ቦታ ስላለ? አይታወቅም። ብሬ ወጥቶ ጥያቄው ባለበት ይቀራል።

ውጤቱ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ተገኘ። ይህ «ካንሰር አለብሽ» ማለት አይደለም፤ ዕድልሽ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ከዚያ ክትትሉ ይጠብቃል። እንዲህ ላሉ ሴቶች ሐኪሞች ከ25 ዓመት ጀምሮ የጡት ኤምአርአይ፣ ከ30 ጀምሮ ማሞግራፊ ይመክራሉ። መውለድ ከጨረሱ በኋላ ኦቫሪን በቀዶ ሕክምና ማስወጣትም ይመከራል። የኢትዮጵያ ልጅ ያሳደገችው የፊልም ተዋናይ አንጀሊና ጆሊ እናቷን በካንሰር አጥታ፣ የተበላሸ ብራካ 1 እንዳላት ካወቀች በኋላ ጡቶቿን አስቀድማ ማስወጣቷን በ2013 ተናግራለች። ያ የእሷ ምርጫ ነው፤ ለሁሉም ግዴታ አይደለም።

አልተገኘም። የቤተሰቡ ስህተት በታመመችው ላይ ታውቆ አንቺ ጋ ከሌለ፣ በእውነት ደስ ይበልሽ። ያ ስህተት ከአንቺ ወደ ልጆችሽ አይሄድም። እንደ ማንኛዋም ሴት ግን ጡትሽን መከታተልሽን አታቋርጪ። የታመመችው ሳትመረመር አንቺ ብቻ «አልተገኘም» ከተባልሽ ግን የቤተሰብሽ ታሪክ እንዳለ ነው፤ ክትትልሽን ቀጥዪ።

ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ። እኛ አፍሪካውያን ይህን ውጤት ከሌላው ይበልጥ እናገኛለን። ምክንያቱም በዓለም የተሰበሰበው የዘረ-መል መረጃ በአብዛኛው የአውሮፓ ዘር ሰዎች ነው፤ የእኛ ገና በደንብ አልተጠናም። እንዲህ ዓይነት ውጤት ተይዞ ቀዶ ሕክምና አይወሰንም። ክትትሉ በቤተሰብ ታሪክ መሠረት ይቀጥላል፤ ከጊዜ በኋላ ትርጉሙ ሊታወቅ ስለሚችል ሐኪሙን መልሶ መጠየቅ ነው።

በፖስታ ምራቅ ልከሽ ውጤት የሚልኩልሽም አሉ። ብዙዎቹ የሚያዩት ጥቂት ስህተቶችን ብቻ ስለሆነ በእነሱ «ነጻ ነሽ» አትታለዪ።

የእህቴስ? ሕክምናዋን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጀመረች። እኛ በጠየቅንበት ቦታ የዘረ-መሉ ናሙና ውጭ አገር ተልኮ ነው የሚሠራው አሉን፤ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሆነ። ስለዚህ የምልከው ብር ቅድሚያ ለመድኃኒቷ ሆነ። የፓቶሎጂ ወረቀቷን ግን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አንቺም ያን ወረቀት አስልኪ፤ ከሁሉ በላይ የሚጠቅምሽ እሱ ነው።

5. ምርመራው ባይኖርስ?

የዘረ-መል ምርመራ ካላገኘሽ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪም። ዋናው ነገር ክትትል ነው፤ ለእሱ ደግሞ የቤተሰብ ታሪክ ይበቃል።

- ብዙ ሐኪሞች የሚከተሉት መንገድ አለ፦ እናትሽ ወይም እህትሽ ከታመመችበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀንሰሽ ክትትል ስለመጀመር ሐኪም አማክሪ። እህቴ በ38 ስለታመመች ለእኔ ከ28 ገደማ ማለት ነው።
- ለወጣት ሴት ጡቷ ጠጣር ስለሚሆን ሐኪሟ አልትራሳውንድ ልታስቀድም ትችላለች።
- ገላሽን ስትታጠቢ ጡትሽንና ብብትሽን በእጅሽ ዳስሺ። የወትሮውን ካወቅሽ አዲሱን ትለዪዋለሽ።

ከሚከተሉት አንዱን ካየሽ ቀን አትቁጠሪ፦ አዲስ እብጠት ወይም ጓል፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ደም ያለበት ፈሳሽ፣ የማይድን ቁስል፣ የብብት እብጠት። «አያመኝም» ብለሽ አትተዪው። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። አገር ቤት ያሉ እህቶቻችን አብዛኞቹ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው፤ አንዱ ምክንያትም ይኸው አለማመሙ ነው።

6. ክሊኒክ ስትሄጂ፦ የእኔ ስህተት

እህቴ ከታመመች ከስድስት ወር በኋላ በግራ ጡቴ ላይ ባቄላ የምታክል ጓል አገኘሁ። 31 ዓመቴ ነበር። ሁለት ወር ደበቅኩት። በመጨረሻ ለማዳሜ ነገርኳት፤ ወደ አንድ ሙስተውሰፍ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ሴት ናት፤ ማዳሜ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታስተረጉማለች።

ሐኪሟ «ከቤተሰብሽ እንዲህ የታመመ አለ?» አለች። የነካሳዋ እህት ቃል ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፤ «ላ፣ ማፊ» አልኩ። ሐኪሟም ዕድሜዬ ወጣት ስለሆነ አይታ «ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ» ብላ ሸኘችኝ። ሐኪሟ የሠራችው በነገርኳት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ በር ላይ ነርሷን «ከሐኪሟ ጋር ብቻዬን ማውራት እፈልጋለሁ» አልኳት። ማዳሜ ውጪ ጠበቀች። ወረቀቴን አወጣሁ፤ እህቴን፣ አክስቴን፣ አያቴን ነገርኳት። የሐኪሟ ፊት ተለወጠ። የዚያኑ ቀን አልትራሳውንድ ታዘዘ፤ ቀጥሎ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ፋይብሮአዴኖማ ሆነ፤ ካንሰር ያልሆነ ጓል ነው። አልሐምዱሊላህ። ግን ካንሰር ቢሆን ኖሮ «ማፊ» ያልኳት አንዲት ቃል ሦስት ወር ታስከፍለኝ ነበር።

ከዚህ የተማርኩት መብት ይህ ነው፦

- እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሳዑዲ የጤና ሙያ ሕግ ሐኪም ያለ ታካሚው ፈቃድ ሕክምና እንዳይሰጥ፣ የታካሚውንም ምስጢር እንዲጠብቅ ያዛል። ለአካለ መጠን የደረስሽ ሴት ስለሆንሽ ፈቃዱን የምትሰጪው አንቺ ነሽ። ያልገባሽ ወረቀት ላይ አትፈርሚ።
- ማዳምሽ ስላመጣችሽ ወይም ስለከፈለች ብቻ ምስጢርሽን የማወቅ መብት የላትም። ሌላ አስተርጓሚ ጠይቂ።
- በ2013 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ የጤና እንክብካቤ እንድታገኚ፣ በሐኪም ማስረጃም በዓመት እስከ 30 ቀን የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ እንዲሰጥሽ ይል ነበር። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ስለተቀየረ አሁን ያለውን ዝርዝር በሥራ ሚኒስቴሩ ስልክ 19911 ጠይቂ።
- የጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ 937 ነው፤ አምቡላንስ 997።

እነዚህን አረፍተ ነገሮች አጥኚያቸው፦

- «አብጋ አተከለም መዐ ደክቶራ ለወሕዲ» — ከሐኪሟ ጋር ብቻዬን ማውራት እፈልጋለሁ
- «አብጋ ሙተርጂማ» — አስተርጓሚ ሴት እፈልጋለሁ
- «ዒንዲ ኩትለ ፊ ሰድሪ» — ጡቴ ላይ እብጠት አለ
- «ኡኽቲ ዒንደሃ ሰረጣን ሰዲ» — እህቴ የጡት ካንሰር አለባት
- «አብጋ ኑስኻ ምን ተቅሪር» — የውጤቱን ቅጂ እፈልጋለሁ

አንድ ቃል ደግሞ ተጠንቀቂ። በአማርኛ የእናትም የአባትም እህት «አክስት» ናት። በዓረብኛ ግን የአባት እህት «ዐማ»፣ የእናት እህት «ኻላ» ነው። ሐኪሟ ወገኑን ማወቅ ስላለባት ለይተሽ ተናገሪ። እኔ መጀመሪያ «ኻላ» ብዬ ወገኑን ላሳስት ነበር።

7. ኢቃማ ለሌላት እህት

ነካሳ ውስጥ ብዙዎቻችን ያለ ወረቀት ኖረናል፤ ሆስፒታል መሄድ መያዝ ይመስለናል። ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። እብጠት ግን ወረቀት እስኪወጣ አይጠብቅም። መክፈል ከቻልሽ በትንሽ የግል ክሊኒክ አልትራሳውንድ አሠሪ። እዚህ መታከም የማትችዪ ከሆነ ወደ አገር የመመለስን ነገር ቶሎ አስቢበት፤ ጅዳ ያለውን የኢትዮጵያ ቆንስላ ጠይቂ። እዚህ የተሠራልሽን ወረቀትና ምስል ሁሉ ይዘሽ ግቢ፤ አገር ቤት ከዜሮ እንዳትጀምሪ። አንድ ዓመት ሠርቼ ብር ልሰብስብ ብለሽ እብጠቱን ይዘሽው አትክረሚ።

8. ለቤተሰብ መንገር

እናቴ «ለሰው አታውሩ፤ ልጆቹን የሚያገባ ይጠፋል» አለች። አልፈረድኩባትም። የአክስቴ ነገር 20 ዓመት የተደበቀውም በዚሁ ፍርሃት ነው። ለሰፈር አልተናገርንም፤ ለደማችን ግን መናገር ነበረብን።

ወንድሜ «ይሄ የሴት ጉዳይ ነው» አለኝ። «አባታችንስ ወንድ አይደል?» አልኩት። ሁለት ሴት ልጆች አሉት። እሱ ተሸካሚ ከሆነ እያንዳንዳቸው ከሁለት አንድ ዕድል አላቸው። ዝም ብሎ ቆየና «እሺ፣ ወረቀቱን ላኪልኝ» አለ። ለትንንሽ ልጆች ግን ምርመራ አይደረግም፤ አድገው ራሳቸው ይወስናሉ።

ማወቅ የማይፈልግ ዘመድም ይኖራል። ንገሪው፤ ከዚያ ውሳኔው የእሱ ነው። ማንንም በግድ አታስመርምሪ፤ አንቺንም ማንም በግድ አያስመርምርሽ።

ለማስታወስ

1. የእህት ወይም የእናት ሕመም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፍርድ አይደለም።
2. የአባትሽንም ወገን ጠይቂ።
3. የቤተሰብ የጤና ታሪክሽን ጽፈሽ ያዢ፤ ለሐኪም አትደብቂ።
4. የዘረ-መል ምርመራ ከተቻለ ከታመመችው ይጀመር።
5. ምርመራው ባይኖርም ክትትል አለ።
6. ውጤቱ የአንቺ ነው።

በክፍላችሁ ስትሰበሰቡ ተወያዩበት

- ከእናታችሁና ከአባታችሁ ወገን በምን እንደሞቱ የማታውቋቸው ዘመዶች እነማን ናቸው? የሚያውቅ ሽማግሌ ማን አለ?
- ማዳም እያስተረጎመች ለሐኪም ያልነገራችሁት ነገር አለ? ዛሬ ቢሆን እንዴት ትናገራላችሁ?

ታላቅ እህቴ ሕክምናዋን እየተከታተለች ነው። እኔም በየዓመቱ እታያለሁ። ታናሽ እህታችን ደግሞ 22 ዓመት ሞልቷት ወደዚህ ልትመጣ በመክተብ ተመዝግባለች። ምን ይዤ ልምጣ ብላ ጠየቀችኝ። በርበሬና ሽሮ ካልኳት በኋላ፣ ከአባታችን ጋር ቁጭ ብላ ያንን ወረቀት በራሷ እጅ እንድትጽፍ ነገርኳት። ትናንት ፎቶውን ላከችልኝ። የአክስታችን ስም ከላይ ተጽፏል፤ አጠገቡም በአባታችን ግምት ዕድሜዋ፣ 39።